የሁዳዴዋ እንቁላል

አየር ይገፋል። ይኸው ተናገርኩት። ስለ አየር ደግሜ ትንፍሽ ብል ምላሴን ይቁረጠው ብዬ ምዬ ነበር፤ እናንተ ግን አንዴ ጆሯችሁን ሰጣችሁኝ፣ እንግዲህ ቻሉት። ሰው የራሱን መከራ ሲያወራ ማጋነኑ አይቀርም። እኔ ደግሞ ሳላጋንን እንኳ የሚያምነኝ ስላላገኘሁ፣ እዚህም እዚያም ትንሽ ብጨምርበት አትፍረዱብኝ።

ጃንሆይ በዙፋናቸው፣ እኔ በቢቸና የነበርንበት ዘመን ነው። አገሬ ደሴ ነው። የተማርኩትም ታሪክ ላስተምር ነበር። ሻንጣዬን ተሸክሜ፣ አቧራ ለብሼ ቢቸና ስገባ ግን ዲሬክተሩ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣ «የታሪክ አስተማሪ ሞልቶናል፤ አንተ ፊዚክስ ትይዛለህ» አለኝ።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ፊዚክስ አላውቅም።»

«ልጆቹም አያውቁም፤ ትግባባላችሁ» ብሎ ቁልፍ ሰጠኝ።

ቁልፉ የቤተ ሙከራው ነበር። ስከፍተው የተቀበሉኝ አንድ የተሰበረ ሚዛንና አንዲት የሌሊት ወፍ ናቸው። ከዚያ ወዲያ የማስተምረው በቤት ዕቃ ሆነ። ስለ ማንሻ ሳስተምር የአከራዬን ዘነዘና ሰበርኩ። ስለ ሰበቃ ሳስተምር ጠረጴዛ ላይ ስንሸራተት ውዬ የአንዱን ሱሪዬን መቀመጫ ጨረስኩት። ስለ መሬት ስበት ላስረዳ ከወንበር ላይ ዘልዬ ደግሞ ቁርጭምጭሚቴ ዞረና ተማሪዎቼ ተሸክመው ቤቴ አደረሱኝ። ስበት ያን ቀን ገባቸው፤ ቢያንስ የእኔን ክብደት አውቀውታል።

አየር ላይ ስንደርስ ግን ነገር ተበላሸ። የቢቸና ተማሪ የተባለውን ጽፎ ዝም የሚል እንዳይመስላችሁ። ግማሹ ቅኔ ቤት ከርሞ የመጣ ነው፤ ክርክር ምግቡ ነው።

«አየር ከላይም ከታችም፣ ከግራም ከቀኝም ይገፋናል» አልኩ።

«ታዲያ ለምን አንወድቅም?» አለ አንዱ።

«ከሁሉም በኩል እኩል ስለሚገፋን።»

«ከሁሉም በኩል እኩል ከገፋን እንዳልገፋን አይደለም ወይ፣ መምህር?»

ክፍሉ አውካካ። እኔም ነደደኝ። «ስሙ!» አልኩ፤ «በመቃ ጠላ ስትጠጡ እናንተ የሳባችሁት ይመስላችኋል። አልሳባችሁም! እናንተ አፋችሁ ውስጥ ያለውን አየር ብቻ ነው የቀነሳችሁት። ጠላውን ወደ ላይ የገፋው ውጭ ያለው አየር ነው። በዚህ ነገር ውስጥ ሳቢ የሚባል የለም፤ ያለው ገፊ ብቻ ነው። ሳቢ የለም!» ብዬ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁ።

እንዲህ የጮህኩት ለተማሪዎቹ ብቻ አልነበረም። መስኮቱ አጠገብ ሙሉ ቆማ ነበር።

ሙሉ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ የሞጣ ልጅ፣ የግራዝማች ውበቱ ልጅ። ከተዋደድን ሰነባብቷል። ችግሩ አባቷ ናቸው። ደብረ ወርቅ ላይ አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ቆርቆሮ ቤትና ሁለት ሰጋር በቅሎ አለውና ከፋሲካ በኋላ ልጃቸውን ለሱ ሊሰጡ በግማሽ አፍ ተናግረዋል። ከዚያ በፊት እኔ ሽማግሌ ልኬ እሺ ካላስባልኩ ሙሉ አለቀላት፤ እኔም አለቀልኝ። ደግነቱ የግብረ ገብ አስተማሪያችን መሪጌታ ጥበቡ በሞጣ የተከበሩ ሰው ናቸው። «ከሆሳዕና በፊት ሽማግሌ ይዤ እሄድልሃለሁ፤ አንተ ብቻ እስከዚያ ስምህን ጠብቅ» ብለውኝ ነበር። ስምህን ጠብቅ! ሌላ ምንም አልጠየቁኝም።

እኔ ግን ሙሉ መስኮቱ ላይ ቆማ ተማሪ ሲስቅብኝ ካየች ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። መጽሐፉን ሳገላብጥ አንድ ሙከራ አገኘሁ። አንገተ ጠባብ ጠርሙስ ውስጥ ወረቀት ለኩሰህ ትጥላለህ፤ ተቀቅሎ የተላጠ እንቁላል አፉ ላይ ታስቀምጣለህ። እሳቱ ሲጠፋ ውስጥ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ውጭ ያለው አየር እንቁላሉን እየገፋ ያስገባዋል። ደስ አይልም? ሙከራው ደስ ይላል። ያልታየኝ ወሩ ነው። ሁዳዴ ነበር!

አከራዬ እትዬ ዘርትሁን ጠጅ ቤት አላቸው። በሁዳዴ ጠጅ ጠጪ ስለሚቀንስ ብርሌዎቻቸው ታጥበው ተደርድረው ነበርና አንገቱ ሰፋ ያለውን መርጬ አንዱን ተዋስኩ። እንቁላሏም የቄብ ዶሮ፣ ትንሽዬ ናት። በራሴ ምድጃ ቀቅዬ ቁጭ ብዬ ስልጥ እትዬ ዘርትሁን በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

«በስመ አብ! አንተ ልጅ፣ በአብይ ጾም?»

«አልበላውም እትዬ፤ ለፊዚክስ ነው።»

«ማን ነው ደግሞ ፊዚክስ? እሱስ ቢሆን አይጾምም?»

ለማስረዳት ብሞክር ባሰብኝ። የተላጠች እንቁላል በእጄ ይዤ፣ ባዶ ሆዴን፣ ስለ አየር ስሰብክ ታይቶኝ እኔም ተውኩት።

በማግስቱ ክፍል ገባሁ። ሙሉም መስኮቷ ላይ ነበረች። ወረቀቱን ለኮስኩ፣ ብርሌው ውስጥ ጣልኩ፣ እንቁላሏን አፉ ላይ አስቀመጥኩ። እሳቱ እልም አለ። እንቁላሏ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፣ አንገቷን አሰገገች፣ ከዚያ «ጧ!» ብላ ብርሌው ሆድ ውስጥ ቁጭ! አንገቱ ከሷ ይጠባል፤ እሷ ግን ሳትቆረስ ገብታ እንደ ንግሥት ተቀመጠች።

እኔ ጭብጨባ ጠብቄ እጄን ዘርግቻለሁ። የፊተኛው ወንበር ላይ ያሉት አማተቡ። የኋላዎቹ በመስኮት ወጡ። በመስኮት ሲወጡ ሙሉን ገፍትረው ሊጥሏት ነበር። «ሳቢ የለም! የገፋት አየር ነው!» እያልኩ በባዶ ክፍል ውስጥ ቀረሁ።

የጎጃምን ምድር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እዚያ አገር የማይገባ ነገር የማይገባበት ከገባ ስሙ አንድ ብቻ ነው፤ መተት ነው። ከሰዓት በኋላ ቤቴ ስደርስ በራፌ ላይ ሰው ተሰልፎ አገኘሁ። አንዲት ወይዘሮ እግሬ ሥር ወድቀው፣ «ባሌ ከወጣ ቀረ። ይህን እንቁላል ያስገባህ ባሌን ቤቱ አስገባልኝ» ይላሉ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ ጎተት አደረገኝና፣ «ወንድሜ በመሬት ይሟገተኛል። ብርሌው የሚጠበው ከሆነ እንስራ አመጣለሁ» አለኝ በሹክሹክታ። «ኧረ አየር ነው ጎበዝ!» ስላቸው ይበልጥ ፈሩኝ። እትዬ ዘርትሁን በራፌን ጠበል ረጭተው፣ «ብርሌው ላንተ ይሁን፤ ቤቴ እንዳይመለስ» አሉኝ።

መሪጌታ ጥበቡ ዘንድ ሮጥኩ። በእርጋታ ሰሙኝ። ከዚያ ግራ ቀኝ አዩና ጠጋ አሉኝ።

«ለኔ ብቻ ንገረኝ። ከማን ተማርከው?»

«ከመጽሐፍ ነው የኔታ።»

«የማን መጽሐፍ?»

«የእንግሊዝ።»

«ወይ ጉድ!» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ፤ «እንግሊዞችም አላቸው እንዴ!»

ያን ጊዜ ነው ልቤ ውልቅ ያለው። የራሴ ሽማግሌ እንዲህ ካሉ ግራዝማች ምን ይሉ? ብዙም አልጠበቅኩ። ወሬው ከገበያተኛ ጋር ወደ ሞጣ ሄዷል። ደብረ ወርቅ ሲደርስ እንቁላሏ ዶሮ ሆነች። ጉንደ ወይን ላይ ዶሮዋ ብርሌው ውስጥ ሆና ጮኸች። ሞጣ ሲገባማ እኔ ሰው እያሳነስኩ ጠርሙስ ውስጥ የማኖር ጉደኛ ሆኛለሁ። ከግራዝማችም መልስ መጣ፤ ይዞት የመጣው አንድ የጨው ነጋዴ ነው። «ያ ሰውዬ ይምጣና በፊቴ ያውጣት። እንደገባች ሳትቆረስ ከወጣች ሰው ነው፣ ሽማግሌዎቹን አነጋግራለሁ። ካልወጣች ልጄን ለጸሐፊው እሰጣለሁ» ብለዋል።

ብርሌውን ልስበረው አልኩ፤ መሪጌታ፣ «ብትሰብረው ጉዱን ደበቀ ነው የምትባል» አሉ። መጽሐፉን ገለጥኩ። ብርሌውን ዘቅዝቀህ እንቁላሏን አንገቱ ላይ ታሳርፋለህ፤ አፍህን ገጥመህ በኃይል ትነፋለህ። አየሩ በጎኗ ሾልኮ ገብቶ ውስጡን ይሞላዋል፤ የታመቀው አየር ደግሞ መልሶ ይገፋታል። «እንቁላሉም ይወጣል» ይላል መጽሐፉ። ወዴት እንደሚወጣ ግን አይልም። አስቀድሜ ልለማመድ ብዬ ሌላ እንቁላል ፍለጋ ገበያ ብወጣ ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ሸፍነው ብድግ ብድግ አሉ። ደግሞ በሁዳዴ ሁለተኛ እንቁላል የሚሸጥልኝ ማን ሊሆን ነው!

ወደ ሞጣ በበቅሎ ወጣን። ብርሌውን ጨርቅ ወትፌበት ጋቢዬ ውስጥ አቅፌዋለሁ። የበጋ ፀሐይ ነው። እንቁላሏ ከተቀቀለች ሰንብታለች፤ ውታፉ የያዘውን ያህል ይያዝ እንጂ ሽታዋ ወጥቶ በቅሎዬን እንኳ አስነጠሳት። መሪጌታና ሌላው ሽማግሌ መጀመሪያ ከጎኔ ነበሩ። ቆይተው ቀደሙኝ። በኋላ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ እያዩ ቦታ መለዋወጥ ጀመሩ። የነፋስ ነገር ሳይማሩ የገባቸው ያን ቀን ነው።

ሽማግሌ ሲላክ ጠያቂው አብሮ አይሄድም፤ ይህ የታወቀ ነው። ልጅቱም ማጀት ትገባለች እንጂ ለሽማግሌ አትታይም። የእኔ ግን ነገሩ ሁሉ ተገለባብጦ፣ የገማ እንቁላል ታቅፌ ለገዛ ራሴ ሚስት ልለምን ሄድኩ። ሙሉ ቀደም ብላ ቤቷ ገብታ ነበር። ከመጋረጃው በስተጀርባ ባለው ማጀት እሷና እናቷ እንዳሉ አውቃለሁ።

ግራዝማች ውበቱ መደቡ ላይ ኩታቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የነፍስ አባታቸው መስቀላቸውን ጨብጠዋል፤ ምን እንደሚመጣ አይታወቅምና እንዲገኙ ተጠርተው ነው። ጊዜው ገና ጾም አልተፈታም፤ ውሃ የቀመሰ የለም። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ቆሙ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ ግራዝማች።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ።

«ጉዳያችሁ ይቆይ። መጀመሪያ የሱን ጉዳይ እንይ።» ወደኔ ዞሩ። «አውጣት።»

መሐል ቤት ቆምኩ። «ጌታዬ፣ ይህ ነገር መተት አይደለም፤ አየር...» ብዬ ስጀምር የነፍስ አባቱ መስቀሉን ከፍ አደረጉት፤ ወሬዬን ዋጥ አድርጌ ውታፉን ነቀልኩ። ኧረ የሽታው ነገር! ግራዝማች ኩታቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። እኔ ግን የት ልሽሽ፤ በዚያው ብርሌ ላይ አፌን ልገጥም ነው።

ሙሉን አሰብኩ። ብርሌውን ዘቀዘቅኩ፣ እንቁላሏ አንገቱ ላይ አረፈች፤ ጀርባዬን ለሰዎቹ፣ ፊቴን በማጀቱ በኩል ላለው ግድግዳ ሰጥቼ ነፋሁ። ምንም የለም። «አልወጣችም» አሉ ግራዝማች፤ ድምፃቸው ውስጥ የጸሐፊው በቅሎዎች ሲረግጡ ተሰማኝ። ያለ የሌለ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጉንጬ እስኪቀደድ ነፋሁ።

«ጧ!»

አፌን ከብርሌው ላይ ለማንሳት ጊዜ አልነበረም። እንቁላሏ ሳትቆረስ፣ እንደገባች፣ አፌ ውስጥ ገባች።

ዞርኩ። ሁሉም የሚያዩት ብርሌውን ነው። ብርሌው ባዶ! መሬቱን አዩ፤ መሬቱ ላይ የለችም። እጄን አዩ፤ እጄም ባዶ ነው። የነፍስ አባቱ ብድግ አሉ። መሪጌታ እንኳ ወደ በሩ አንድ እርምጃ አፈገፈጉ።

«የት ሄደች?» አሉ ግራዝማች።

ወገኖቼ፣ እስቲ ፍረዱኝ። አፌን ብከፍት በአብይ ጾም፣ በነፍስ አባት ፊት፣ እንቁላል ጎርሼ ተገኘሁ። አፌን ብዘጋ እንቁላል ያሰወረ መተተኛ ነኝ። ልዋጣት ብል ድፍን ናት፤ ላኝካት ብል... ተዉት! እንባዬ ብቻ ዱብ ዱብ አለ።

«ለምንድን ነው የሚያለቅሰው?» አሉ ግራዝማች።

«ፍቅር ነው ጌታዬ» አሉ መሪጌታ፤ ለሽማግሌነታቸው ያህል።

ግራዝማች ትንሽ ለዘብ አሉ። ከመደባቸው ተነስተው መጡና ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩኝ። «መምህር፣ ወጣችም ተሰወረችም፣ እሱን እግዜር ይወቀው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ልጄን ከልብህ ትፈልጋታለህ?»

እንግዲህ ሞት ይሻላል! ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ለሚጠየቀው ጥያቄ እኔ መልሱን ከነፍሴ አውቀዋለሁ፤ አፌ ግን ሞልቷል። ራሴን ነቀነቅኩ።

«በአንገት አይደለም። በአፍህ ንገረኝ።»

«እምም» አልኩ።

«በአፍህ!»

ግራዝማች ፊታቸው ጠቆረ። «ለልጄ አንዲት ቃል የሚሰስት ሰው!» ብለው ወደ መደባቸው ሊመለሱ ሲዞሩ፣ የማጀቱ መጋረጃ ተገለጠና ሙሉ ወጣች። ማስታጠቢያ ይዛለች። በሽማግሌ ፊት! አባቷ ክው ብለው ቀሩ። ማንንም ሳታይ ቀጥ ብላ መጥታ ፊቴ ቆመች፣ ነጠላዋን እንደ መጋረጃ ዘረጋችብኝ፣ ሳህኑን ወደ አገጬ አስጠጋች። ተፋሁ። ክድን አድርጋው ውሃ አፈሰሰችልኝ። «አባባ፣ መምህሩ ታሟል፤ መንገዱ አድክሞት ነው» ብላ ሳህኑን ይዛ ገባች።

«እፈልጋታለሁ ጌታዬ!» አልኩ አፌ ነፃ ሲወጣ። የአፌ ትንፋሽ ደርሷቸው ግራዝማች ወደ ኋላ አሉ።

በመጨረሻ ግራዝማች መደባቸው ላይ ዘፍ አሉ። «ልጄ ሽማግሌ በቆመበት ወጥታ ወንድ ካስታጠበች፣ ለጸሐፊው ምን ብዬ እሰጣለሁ? በሉ ተቀመጡ» አሉ፤ ቃላቸውም የተቀማ ሰው ቃል ነበር። ከዚያ በነፍስ አባታቸው መስቀል አስማሉኝ፤ ወደ ፊት ምንም ነገር ምንም ውስጥ እንዳላስገባ። ማልኩ። ከዚያ በኋላ ፊዚክስን በጠመኔና በምላስ ብቻ አስተማርኩ። ከተማሪዎቼ አየር ይገፋል ብሎ ያመነ አንድም አልወጣም።

ተጋባን፤ ወለድን። እንቁላል እስከ ዛሬ አልበላም፤ በፋሲካ ዶሮ ወጥ ላይ ያለችውን እንኳ ለልጆቹ እሰጣለሁ። ግራዝማችም አርጅተው አልጋ ላይ እስኪውሉ ድረስ፣ «እንቁላሏ የት ሄደች?» ማለታቸውን አልተዉም ነበር። ለኔ ግን በዚያ ሁሉ ውርደት መሐል አንዲት መጽናኛ ነበረችኝ፤ አገር ምድሩ ሲሸሸኝ ሙሉ ወጣችልኝ። ሰው ሲያሽሟጥጠኝ በልቤ እሷን እያሰብኩ እችለዋለሁ።

አንድ ሁዳዴ ላይ ሽሮዋን እያማሰለች ሳለ ሆዴ ባባና፣ «ሙሉዬ፣ ያን ቀን ያን ሁሉ ሰው ሳትፈሪ ከማጀት ምን ሳበሽ?» አልኳት።

ማማሰያዋን ይዛ ትክ ብላ አየችኝ።

«እናቴ ናት» አለች። «እንቁላሏን ስትጎርሳት በመጋረጃው ጥግ ሁለታችንም አይተንሃል። ሽታው ማጀት ሲደርስ ማስታጠቢያውን አስይዛኝ፣ ‹ሂጂ አስተፊው፣ ቤቴን ሊያገማው ነው› አለችኝ። እኔማ በሽማግሌ ፊት እንዴት እወጣለሁ ብዬ ምሰሶውን ይዤ ነበር። እጄን አስለቅቃ በጀርባዬ ገፋችኝ።»

«ታዲያ... ምንም የሳበሽ ነገር የለም?»

«ሳቢ የለም ብለህ ጠረጴዛ ስትደበድብ መስኮቱ ላይ ቆሜ አልነበር?» ብላ ወደ ሽሮዋ ተመለሰች።

ቢቸና ካስተማርኩት ሰው ሁሉ ትምህርቱ የገባት እሷ ብቻ ናት።